በጣሊያን ዘመን የተጻፉ ደብዳቤዎችና ጋዜጦች አሉን፤ ወደ ዲጂታል ስንቀይር የት ላይ እንሳሳታለን?

ዘአራዳ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ለሚገኘው ለሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ሙሉ ወረቀት ተበርክቷል። 180 ገደማ ደብዳቤ አለበት፤ ጣሊያን ጎንደር ከገባበት ከ1928 ዓ.ም. አንሥቶ እስከ 1934 ዓ.ም. የተጻጻፉት ነው። ከጋዜጣው በኩል 64 እትም ቆጥረናል። ገሚሱ በወረራው ጊዜ ይታተም የነበረው «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ»፣ የቀረው ከድሉ በኋላ የወጣው «አዲስ ዘመን» ነው፤ ከሥሩም የጣሊያንኛ ጋዜጣ ቁርጥራጭ ተገኝቷል። ደብዳቤዎቹ በክር በክር ታስረዋል፣ ብዙዎቹም ከታጠፉ በኋላ አልተከፈቱም። ጋዜጣው ጠርዙን ሲነኩት ይፈረፈራል። ሳጥኑ ሲከፈት ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል።

ያሰብነው ይህን ነው፦ ክሩን ፈትተን በቀን ቅደም ተከተል መደርደር፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደን ወረቀት እየጎተተ በሚያነሣው ስካነር ማስነሣት፣ የተጎዱትን ላሚኔት ማድረግ፣ ከዚያ ሁሉንም በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ። በእጃችን ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ የኤ4 ጠፍጣፋ ስካነርና አንድ ላፕቶፕ አለ። ቀን የሌላቸው ደብዳቤዎችም ብዙ ናቸው። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩን።

ወረቀት ጠባቂ፦
ከአራቱ ሐሳብ ሦስቱን አሁኑኑ ተዉት፤ አራተኛውን ደግሞ ወደ መጨረሻ ግፉት።

ክሩን ወዲያው አትፍቱ። ከመፍታታችሁ በፊት እያንዳንዱ እስር ቁጥር ይሰጠው፤ ከላይ፣ ከጎንና ከታች ፎቶ ይነሣ። ቀን የሌለው ደብዳቤ ቀን ካለው ጋር በአንድ ክር መታሰሩ ብቸኛ ማስረጃው ሊሆን ይችላል፤ አንዴ ከተበተነ ማንም መልሶ አያገኘውም። በቀን መደርደር ኮምፒውተር በአንድ ጠቅታ የሚሠራው ነገር ነው፤ ወረቀቱ ግን በመጣበት ቅደም ተከተል ይቀመጥ። ቁጥሩን በለስላሳ 2ቢ እርሳስ፣ ከጀርባ በታችኛው ጥግ፣ ደቃቅ አድርጋችሁ ጻፉ፦ እስር 3፣ ደብዳቤ 14፣ ቅጠል 2። እስክሪብቶ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ባይኖር ይሻላል።

ላሚኔሽን ወረቀቱን በሙቀት ከፕላስቲክ ጋር ያጣብቀዋል፤ ከዚያ በኋላ መለያየት የለም፣ በውስጡ ያለው አሲድም እዚያው ታፍኖ ሥራውን ይቀጥላል። ስኮችም እንዲሁ ነው። ሙጫው በጥቂት ዓመት ውስጥ ይቢጫል፣ ወደ ጽሑፉ ይሰርጋል። ጎታች ስካነሩ ደግሞ ወረቀቱን በጎማ ጥቅልል መካከል አጥፎ ነው የሚያሳልፈው፤ የሚፈረፈር ጋዜጣ ከዚያ ውስጥ ሙሉ ሆኖ አይወጣም።

አሁን ስለ ሻጋታው። ከሁሉም በፊት የሚሠራው እሱ ነው። ሻጋታ ያለባቸውን ከሌሎቹ ለዩ፣ በሌላ ክፍል አስቀምጡ። ፀሐይ ላይ አታስጡ፤ ፀሐይ ቀለሙን ይበላዋል። ነፋሻ በሆነ ጥላ ቦታ፣ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ አንጣጥፋችሁ አድርቁ። ቬንትሌተር ካለ ወደ ግድግዳ አዙሩት፤ ወደ ወረቀቱ አይንፈስ። ሻጋታው ርጥብ እያለ ከጠረጋችሁት ይቀባል፣ ወደ ወረቀቱ ጭረቶች ይገባል። ደርቆ እንደ ዱቄት ሲሆን ብቻ በለስላሳ ብሩሽ ከመሐል ወደ ውጭ ጥረጉ፤ ይህም ኤን95 ጭምብልና ጓንት አድርጋችሁ፣ ከቤት ውጭ ወይም መስኮት ከፍታችሁ ይሁን። አስም ያለበት ሰው ለዚህ ሥራ አይመደብ። የክፍሉ እርጥበት ከ65 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ እንደገና ይነሣል፤ የጎንደር ክረምት ደግሞ ይህን ያለ ችግር ያደርጋል። ስለዚህ ወረቀት መክፈቱንም ማንሣቱንም ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው በጋ ጨርሱት። አንድ አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ሳጥኑ ካለበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።

ጋዜጣና ደብዳቤ በአንድ ሳጥን አይኑሩ። ጋዜጣው የተሠራበት ወረቀት ከተፈጨ እንጨት ነው፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን ከብርሃንና ከአየር ጋር ሲገናኝ ወደ አሲድ ይለወጣል፣ የሚቢጨውም የሚሰባበረውም ለዚህ ነው። ይህ አሲድ ወደ ጎረቤት ይጋባል። ከጋዜጣ ጋር ተጣብቆ የኖረ ደብዳቤ ካያችሁ የጋዜጣው ቅርጽ በቡናማ ቀለም ታትሞበት ታገኙታላችሁ። ናፍታሊን አትጨምሩ። የብረት ክሊፕና ስፒል ዝጎ ከተጣበቀ አትሳቡት፤ በወረቀቱና በብረቱ መካከል ቀጭን የፕላስቲክ ቁራጭ ከሁለቱም ጎን አስገብታችሁ በቀስታ አላቅቁት።

ዘአራዳ፦
በጣም እናመሰግናለን። ክሩን አልነካንም። አንድ ጥያቄ ግን አለ፤ ታጥፈው የደረቁት ደብዳቤዎች ሊዘረጉ ሲሉ በእጥፋታቸው ላይ ይሰነጠቃሉ። በጥቂቱ ውሃ መርጨት ይቻላል?

ወረቀት ጠባቂ፦
ውሃ በፍጹም እንዳይነካው። በዚያ ዘመን ሲረጥብ ወደ ሐምራዊ የሚለወጥ የኮፒ እርሳስ በብዛት ይሠራበት ነበር፤ ለዓይን ተራ ግራጫ እርሳስ ይመስላል፣ አንዲት ጠብታ ስትነካው ግን ሐምራዊ ሆኖ ይፈስሳል። የብዕር ቀለሞችም ብዙዎቹ እንዲሁ ይሟሟሉ።

የሚያስፈልገው እንፋሎት የሌለው እርጥበት ነው። ክዳን ያለው ሰፊ የፕላስቲክ ሣጥን ውሰዱ፤ ከሥሩ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ፣ በላዩ ጨርቁን የማይነካ የፕላስቲክ ወንፊት ወይም መደርደሪያ አስቀምጡ፣ ደብዳቤውን በዚያ ላይ አድርጋችሁ ክደኑት። ክዳኑ ላይ የሚጠራቀመው ጤዛ እንዳይንጠባጠብ ከክዳኑ ሥር መጣጭ ወረቀት ለጥፉ። በየሰዓቱ እዩት። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ ወረቀቱ ለስላሳ ይሆናል፣ እጥፋቱም ያለ ድምፅ ይከፈታል። ከዚያ በሁለት መጣጭ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ ቀላል ክብደት ጫኑበት፤ 24 ሰዓት ይቆይ። የኮፒ እርሳስ የተጻፈባቸውንና ሻጋታ የነበረባቸውን ግን እዚህ ሣጥን ውስጥ አታስገቡ። እነሱን እንደታጠፉ፣ የሚከፈተውን ያህል ብቻ ከፍታችሁ በካሜራ አንሡ። አንድ መስመር ሳይነበብ ቢቀር ይሻላል።

ብርሃንና ሌንስ፦
ስለ ማንሣቱ ልጨምር። ጤነኛ ደብዳቤዎችን በጠፍጣፋው ስካነር በ400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት)፣ በቀለም፣ በቲፍ (የምስሉን ጥራት ሳይቀንስ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) አንሡ። ጥቁርና ነጭ አታድርጉት፤ ሐምራዊው ማኅተም ከጥቁሩ ጽሑፍ የሚለየው በቀለሙ ነው። አንድ የኤ4 ገጽ በዚህ ልክ 46 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ጀርባው ባዶ ቢሆንም ይነሣ፤ ፖስታውም ከነቴምብሩና ከነማኅተሙ፣ ከፊትና ከኋላ።

ለጋዜጣው ካሜራው ይሻላል። ገጹ 42 በ59 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 24 ሜጋፒክስሉ ሙሉውን ገጽ በአንድ ጊዜ ሲያነሣ 240 ዲፒአይ ገደማ ነው የሚሰጣችሁ። ለ«ሐ» እና ለ«ሑ» ልዩነት፣ ለደቃቋ ቅጥልም፣ ይህ አይበቃም፤ ዝቅተኛው 300 ነው። ስለዚህ ገጹን በላይኛውና በታችኛው ግማሽ ከፍላችሁ፣ መሐል ላይ በትንሹ እየተደራረበ ሁለት ጊዜ አንሡት፤ ኋላ ይገጣጠማል፣ ሁለቱ ጥሬ ምስሎች ግን አይጠፉም። ካሜራው በትራይፖድ ወይም በአግድም ክንድ ወደ ታች ይመልከት። የካሜራው ቅንብር ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 100፣ የ2 ሰከንድ ማዘግያ፣ ጥሬ (RAW) ፋይል ይሁን። የሌንሱ ማጉያ በስኮች ይታሰር፤ በሥራ መሐል ትንሽ ከተንቀሳቀሰ የገጾቹ መጠን ይለያያል።

ካሜራው ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ መሆኑን ለማወቅ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ጠፍጣፋ የእጅ መስታወት አስቀምጡና በካሜራው እዩ። የሌንሱ ምስል ከማዕከሉ ላይ ከወደቀ ቀጥ ብሏል፤ ወደ ጎን ከሸሸ ካሜራው ዘምሟል። መብራቱ ከግራና ከቀኝ፣ በ45 ዲግሪ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ኤልኢዲ ይሁኑ። እርሳስ በመሐል ብታቆሙ የሚጥላቸው ሁለት ጥላዎች እኩል መጥቆር አለባቸው። መስኮቱን ጋርዱት፤ የቀን ብርሃንና አምፖል ሲደባለቁ ገጹ በአንድ ጎን ሰማያዊ፣ በሌላው ቢጫ ይሆናል። በእያንዳንዱ የሥራ ቀን መጀመሪያ የቀለም መለኪያ ካርድና ማስመሪያ አንሡ።

ጋዜጣው በሁለቱም ፊት ስለታተመ የጀርባው ጽሑፍ ያስተላልፋል። ከሥሩ ጥቁር ወረቀት ብታነጥፉ ይጠፋል። ብዙ ሰው ነጭ ያነጥፋል፣ ከዚያ ለምን እንደማይነበብ ይገርመዋል። የደበዘዘ ሐምራዊ ጽሑፍ ከሆነ ምስሉን በኮምፒውተር በአረንጓዴው ቻናል (የቀለም ክፍል) ብቻ እዩት፤ ቀለሙ አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚውጥ ፊደሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ወረቀቱን ለማስተኛት 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ከላይ ጫኑበት።

ወረቀት ጠባቂ፦
ስለ መስታወቱ አልስማማም፤ ቢያንስ ለሁሉም አይሆንም። የሚፈረፈር ጋዜጣ ላይ መስታወት ሲጫን እጥፋቱ ይሰበራል፣ ሲነሣ ደግሞ ቁራጩ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ይመጣል። በጥላሸት ቀለም የተጻፈ ከሆነም ቀለሙ በላዩ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ይላጣል። ለእነዚህ አራት ጥግ ላይ ቀጭን የፖሊስተር ፕላስቲክ ቁራጭ አስተኙ፤ በላዩም ጥሩ አሸዋ የሞላባቸው ትናንሽ የጨርቅ ከረጢቶች ይቀመጡ። መስታወቱ ለጤነኛ ወረቀት ብቻ ይሁን። የተፈረፈረውን ፍርፋሪም አትጣሉ፤ ከየትኛው ገጽ እንደወደቀ ተጽፎበት በወረቀት ፖስታ ይቀመጥ።

ብርሃንና ሌንስ፦
ትክክል ነው፤ አርሜያለሁ።

ባሕረ ሐሳብ፦
ስለ ቀኑ ብዙ የሚባል አለ፣ ምክንያቱም ያኔ የሚጽፍ ሰው ቁጥር ባይጽፍም ዘመኑን አይደብቅም ነበር።

በመጀመሪያ የወንጌላዊውን ስም ፈልጉ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምራችሁ ለ4 ስታካፍሉ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። በእናንተ ዘመን 1928 ዮሐንስ፣ 1929 ማቴዎስ፣ 1930 ማርቆስ፣ 1931 ሉቃስ፣ 1932 ዮሐንስ፣ 1933 ማቴዎስ፣ 1934 ማርቆስ ይሆናል። ስለዚህ «ዘመነ ሉቃስ» የሚል ደብዳቤ ካገኛችሁ 1931 ነው፣ ሌላ ምርጫ የለም። ሌሎቹ ግን ሁለት ሁለት ምርጫ አላቸው።

ምሳሌ እንውሰድ። ደብዳቤው «ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ማግስት፣ በዘመነ ማርቆስ ተጻፈ» ይላል እንበል። የካቲት 17 ማለት ነው፤ 1930 ወይም 1934። ዕለቱ «ሐሙስ» ከተባለ 1930፣ «ማክሰኞ» ከተባለ 1934 ነው። ዕለት ባይጠቀስም ይዘቱ ይናገራል፦ የጎንደር የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ስለሆነ፣ ጸሐፊው ጣሊያን በከተማው እንዳለ አድርጎ የሚያወራ ከሆነ ደብዳቤው የ1930 ነው። እንደዚሁ «በኅዳር ሚካኤል ዕለት ቁልቋል በር (በጎንደር አቅራቢያ የነበረው የጣሊያን ምሽግ) ተያዘ» የሚል ቢገኝ ኅዳር 12 ቀን 1934 መሆኑ አያጠራጥርም፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 21 ቀን 1941።

ወደ ፈረንጅ ስትለውጡ ከሉቃስ በኋላ ያለው ዓመት ላይ ተጠንቀቁ። ጳጉሜን 6 ስለሚሆን መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ የአንድ ቀኑ ልዩነት እስከ ፌብሩዋሪ ማለቂያ ይቀጥላል። 1928 እና 1932 እንዲህ ናቸው። በደፈናው 7 ወይም 8 ዓመት ደምሮ የሚለውጥ ሰንጠረዥ እዚህ ይስታል።

የጣሊያንኛው ቁርጥራጭ ከተለመደው ዓመት ጎን በሮማ ቁጥር የፋሺስት ዘመን ሊጽፍ ይችላል። ይህ አቆጣጠር የሚጀምረው በኦክቶበር 29 ቀን 1922 ነው። ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 28 ላለ ቀን 1922 ደምሩ፤ ከዚያ እስከ ዲሴምበር ላለው 1921። «ማርች 15ኛ ዓመት» ማለት ማርች 1937 ነው፣ በእኛ 1929።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። የገመታችሁትን ቀን ከተጻፈው ቀን አታደባልቁ። በመዝገቡ ላይ ሦስት ዓምድ ይኑር፦ በወረቀቱ ላይ እንዳለ ቃል በቃል፣ የተሰላው ቀን፣ የተሰላበት ምክንያት። ሌላ ሰው ነገ ሊያርማችሁ የሚችለው ምክንያታችሁን ሲያይ ነው።

ፊደል ለቃሚ፦
ጽሑፉን ወደ ኮምፒውተር ስለ መገልበጥ። ለታተመው ጋዜጣ ቴሰራክት የተባለው ነጻ ፕሮግራም የአማርኛ ሞዴል አለው፤ ነገር ግን በደበዘዘ የድሮ የብረት ፊደል ኅትመት ላይ ብዙ ይስታል። «ሰ» እና «ስ»ን፣ «በ» እና «ቡ»ን፣ የደበዘዙ ፮ እና ፯ን ያምታታል። ዓምዶቹን አስቀድማችሁ ለያይታችሁ ካልሰጣችሁትም ከአንዱ ዓምድ ወደ ጎረቤቱ እየዘለለ መስመር ያገናኛል። ውጤቱን ለፍለጋ ብቻ ተጠቀሙበት፤ እንደ ጽሑፍ አትጥቀሱት። ለእጅ ጽሑፉ ትራንስክሪበስ የተባለው የእጅ ጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራም ይረዳል፣ ግን የራሳችሁን ሞዴል ለማስተማር ከ5,000 እስከ 15,000 ቃል በእጅ የተገለበጠ ናሙና ይፈልጋል፤ የተለያየ ሰው የጻፈው 180 ደብዳቤ ላይ በእጅ መገልበጡ ይቀላል። ሁለት ሰው ተለያይቶ ይገልብጥ፣ ከዚያ ይነጻጸር።

ስትገለብጡ ፊደሉን አታርሙ። ጸሐፊው «ሠላም» ካለ «ሠላም» ይሁን። ፈላጊው ግን «ሰላም» ብሎ ስለሚፈልግ ከጎኑ የፍለጋ ዓምድ አዘጋጁ፤ በዚያ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይጠቃለሉ። ያልተነበበውን በነጥቦች፣ የተገመተውን በጥያቄ ምልክት ለዩ። ሁሉም በዩኒኮድ ይተየብ፤ ዩኒኮድ ባልሆኑ የድሮ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይከፈታል።

ስም ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አንዱ ደብዳቤ «አሞራው ውብነህ» ይላል፣ ሌላው «ውብነህ ተሰማ»፣ ሌላው ከማዕረጉ ጋር፤ አርበኛው አንድ ሰው ነው። ንጉሠ ነገሥቱም «አባ ጠቅል» ተብለው በፈረስ ስማቸው ብቻ ሊጠቀሱ ይችላሉ። አንድ የስሞች ሰንጠረዥ ክፈቱ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥር ስጡ፣ ሁሉንም አጠራር ከሥሩ ጻፉ። የቦታም እንዲሁ፤ ቁልቋል በር በጣሊያኖቹ «ኩልኳልበር»፣ በእንግሊዞቹ «ኩልካበር» ነው። ማኅተም ካለ የት እንዳለ መዝግቡ፣ ከላይ ነው ከታች፤ ይህ የላኪውን ማዕረግ ያመለክታል። ምስሉንም ጠርዙ ድረስ ሳትቆርጡ ተዉት።

የመዝገብ ቤት ሰው፦
ስለ ማከማቸቱ ባጭሩ። ጥሬ ፋይሉ፣ ቲፉና ለንባብ የሚሆነው ቅጂ ተደምሮ ወደ 100 ጊጋባይት ይጠጋል፤ ስለዚህ ዋጋው አያስፈራችሁ። ሦስት ቅጂ ይኑር፦ አንዱ በላፕቶፑ፣ አንዱ በውጭ ሀርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው ከሌላ ፋብሪካ በሆነ ዲስክ ከጎንደር ውጭ፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ባለ ሰው ዘንድ። ለመደርደሪያ ኤስኤስዲና ፍላሽ አትምረጡ፤ ያለ ኤሌክትሪክ ለዓመታት ሲቀመጡ መረጃቸው ሊጠፋ ይችላል። ቅጂ በሚሠራበት ጊዜ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ስሙ እያለ ውስጡ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል፣ ማንም ልብ አይለውም። ለዚህ መድኃኒቱ ሻ-256 የተባለው የፋይል አሻራ ነው፤ ከመገልበጡ በፊትና በኋላ አወዳድሩ፣ ከዚያም በየስድስት ወሩ። የፋይል ስም በላቲን ሆሄና በቁጥር ብቻ፣ ክፍተት ሳይኖረው፣ ቁጥሩም በአራት አኃዝ ይሁን፤ አለዚያ 10 ከ2 በፊት ይሰለፋል።

ቴሌግራም ማሰራጫ ነው፤ ማከማቻ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ምስሉን እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል ላኩት። ለሕዝብ ማሳያ ኦሜካ የተባለው ነጻ ፕሮግራም 15ቱን የደብሊን ኮር (የታወቀ የሰነድ መግለጫ ደንብ) መስኮች ይዞ ስለሚመጣ ለእናንተ ልክ ይመጥናል። ጋዜጦቹን ከማንሣታችሁ በፊት ግን የእትም ቁጥራቸውን ዘርዝራችሁ በአዲስ አበባ ከሚገኙት ከኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት እና ከኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስብስብ ጋር አስተያዩ። እዚያ የሌለው እትም ቅድሚያ ይሰጠው።

ከመልቀቃችሁ በፊት ሁለት ነገር ይጣራ። አንደኛ፣ ወረቀቱን ያበረከተው ሰው ባለንብረት ነው እንጂ የግድ የጽሑፉ ባለመብት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብት በመርህ ደረጃ ጸሐፊው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፤ ስለዚህ ከቤተሰቡ የጽሑፍ ፈቃድ ተቀበሉ። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። በእነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ እገሌ ባንዳ ሆነ፣ እገሌ ጠቆመ፣ እገሌ ከብቴን ነዳ የሚል አይጠፋም። የልጅ ልጆቹ ዛሬ በዚሁ ከተማ፣ ምናልባትም በአንድ ደብር ይኖራሉ። በጦርነት መሐል በአንድ ሰው ብቻ የተጻፈ ክስ ማስረጃ አይደለም። ዋናውን ቲፍ አትደምስሱት፣ ምንም አትቁረጡበት፤ ለሕዝብ በሚወጣው ቅጂ ላይ ግን ስሙን ሸፍኑ፣ በመዝገቡም ላይ ምን እንደተሸፈነና ለምን እንደሆነ ጻፉ። ሙሉውን ለማየት የሚፈልግ ተመራማሪ በአካል ቀርቦ፣ ፈርሞ ይይ።

ዘአራዳ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ከእስር 1 እንጀምራለን፤ 11 ደብዳቤ ብቻ ነው፣ ሻጋታም የለበትም። ከደብዳቤዎቹ በአንዱ ጀርባ በልጅ እጅ የተጻፈ ሀ ሁ ሂ ሃ አለ። ጀርባው ለብቻው ቁጥር ያስፈልገዋል?

የመዝገብ ቤት ሰው፦
አያስፈልገውም። የቅጠሉ ቁጥር ያው ሆኖ ፊቱ ሀ፣ ጀርባው ለ ይባል፤ በፋይሉ ስም ላይ በ1 እና በ2 ተኩት። በመግለጫው ግን «በጀርባው የሕፃን የፊደል ልምምድ አለ፣ በሌላ እጅ» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀለሙ ከፊቱ ጋር አንድ መሆን አለመሆኑንም አብራችሁ አመልክቱ።